ስድስት ገጽ ብቻ ኮፒ አስደረገኝ፤ ስለ ሱስ የተጻፉ መጻሕፍትን ለልጆች ማዋስ ላቁም?

የፎቶ ኮፒዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታግሣችሁ አንብባችሁ ሐሳብ ስጡኝ።

4 ኪሎ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አንድ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ የመጠረዣ ዕቃ፣ በበሩ በኩል ደግሞ ሁለት መደርደሪያ መጽሐፍ። መጽሐፎቹ አይሸጡም፤ ለተማሪዎች አውሳለሁ። ስም፣ ቀንና ርእሱን ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ያልመለሰ ልጅ ሁለተኛ አይወስድም፤ ሌላ ሕግ የለኝም። እዚያው አጠገብሽ አብርሆትን የሚያህል ቤተ መጻሕፍት እያለ ያንቺ ሁለት መደርደሪያ ምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። ልጆቹ እኔ ጋ የሚመጡት አሳይመንት ሊያስጠርዙ ነው። ተራቸው እስኪደርስ አንዱን ያወርዳሉ፣ ቆመው ሁለት ሦስት ገጽ ያነባሉ፣ ከዚያ «ሲስቱ፣ ይሄን ልውሰደው?» ይመጣል። መብራት ሲጠፋማ ማሽኑም እኔም ሥራ ስለምንፈታ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ያርፈዋል።

ከመጽሐፎቹ ሰባቱ ስለ ሱስ ናቸው። ለምን እንደበዙ ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ ከጫት ጀምሮ ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ላይ የደረሰ ልጅ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም እናቴ ለቅሶ ውላ ስትመለስ የኤሌክትሪክ ምጣዱ የለም። ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቃል፤ ምጣዱ የነበረበት ወለል ላይ ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል። እናቴ አልጮኸችም። ሊጡን ተሸክማ ጎረቤት ሄደች፣ «ምጣዳችን ተበላሽቶ ሊሠራ ሄዷል» ብላ ጋግራ መጣች። ለሁለት ወር ያህል ምጣዱ «ሊሠራ እንደሄደ» ነበር። ጎረቤቶቻችንም ያውቁ ነበር፣ ግን አንድም ቀን «እስካሁን አላለቀም ወይ?» ብለው አልጠየቋትም።

ያን ሰሞን ስለ ሱስ የተጻፈ ነገር ባገኘሁበት መግዛት ጀመርኩ። ከአማርኛውም ከእንግሊዝኛውም፣ ከመንገድ ላይም ከሱቅም። ማታ ማታ አነባለሁ፣ የጨረስኩትን እሱ አልጋ አጠገብ አስቀምጣለሁ። አንዱንም አልከፈተም፤ አንዱን እንዲያውም ሸጦታል። ለእኔ ግን ጠቅመውኛል። የሚዋሸኝ ስለጠላኝ እንዳልሆነ የገባኝ ከእነሱ ነው። አሁን ተመስገን ነው፣ ከተወው ዓመት ከስምንት ወሩ። ከሰዓት በኋላ እየመጣ ጥረዛውን እሱ ነው የሚሠራልኝ። መጽሐፎቹን ደግሞ ለእሱ ባይደርሱ ለሌላ ሰው ልጅ ይድረሱ ብዬ ከመደርደሪያው ላይ አኖርኳቸው።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ አለ፤ ጨዋ፣ ሲገባ ሰላም ብሎ ሲወጣ አመስግኖ የሚወጣ። ከሰባቱ አንዱን ወሰደ። እንግሊዝኛ ነው፤ ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ገጾች የሉም፤ እኔም ስገዛው እንደዚያው ነበር። ቀን ቀን እየተጻፈበት የሚሄድ የአንዲት የ15 ዓመት ልጅ ማስታወሻ ነው። በሦስተኛው ቀን ወደ 10 ሰዓት ላይ መጣ። መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርጉ ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ሁለት ቦታ የታጠፈ ገጽ አሳየኝና «ሲስቱ፣ ከዚህ እስከዚህ» አለኝ። ስድስት ገጽ። የቤት ሥራ መሰለኝ። አራተኛው ላይ ማሽኑ ወረቀት ነከሰ፣ ከፍቼ ጎትቼ አወጣሁት፣ ደግሜ አነሳሁለት፣ 30 ብሩን ከፍሎ ሄደ።

ማታ ልዘጋ ስል የተበላሹ ወረቀቶችን እሰበስባለሁ፤ ጀርባቸውን ለሒሳብ እጠቀምበታለሁ። ያ ማሽኑ የነከሰው ገጽ እጄ ላይ ወጣ፤ ግማሹ ተጨማዷል፣ ግማሹ ይነበባል። ልጅቷ ግብዣ ላይ ሳታውቅ በለስላሳ መጠጥ የወሰደችው ዕፅ እንዴት እንዳደረጋት የምትናገርበት ነው፤ ቀለሙ፣ ሙዚቃው፣ ሳቁ። መከራዋ የሚጀምርበት ገጽ አይደለም፤ ከእስር፣ ከሆስፒታል፣ ከእናቷ ለቅሶ አንድም ገጽ አላስነሣም። ልጁ የፈለገው የደስታዋን ስድስት ገጽ ነው።

መጽሐፉን ሲመልስ ዘግቼ ጠርዙን አየሁት። እናንተም አንድ የተነበበ መጽሐፍ አንሥታችሁ እዩ። የመጀመሪያው ሲሶ በጣት ብዛት ጠቁሯል፤ የቀረው እንደ አዲስ ነጭ ነው። ደብተሬን ገለጥኩ፤ አሥራ አንድ ልጆች ወስደውታል። አሥራ አንዱም እዚያው ሲሶ ላይ ነው የከረሙት ማለት ነው።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። እያስተማርኩ መስሎኝ እያስጎመጀሁ ነው? ሰባቱንም ላንሣ? ወይስ እናንተ ያነበባችሁት፣ ለልጅ ብሰጠው የማይቆጨኝ አለ?


ድሮ ቃሚ፦

እኅቴ፣ ወረቀት የነከሰልሽን ማሽን ስለት አስገቢለት።

እኔ ዘጠኝ ዓመት ቅሜያለሁ። የጀመርኩት ደግሞ ለማንበብ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደርሶ፣ አንድ የሰፈር ልጅ «እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም፣ ሌሊቱን ትጨርሰዋለህ» አለኝ፤ ጨረስኩት። ጫት ቤቱ በር ላይ ዕድሜዬን የጠየቀኝ አልነበረም። ዩኒፎርሜን ግን አውልቄ እንድገባ መክሮኛል ባለቤቱ፣ አመሰግነዋለሁ።

አንቺ ልጆቹ መጽሐፉን ከግማሽ በላይ አላነበቡትም ብለሽ ታዝኛለሽ። እኔ እስከ መጨረሻው አንብቤያለሁ። በርጫ ላይ። እውነቴን ነው። አራት ሆነን ፍራሽ ላይ ተጋድመን፣ ለውዙና ኮካው መሐላችን፣ አንዱ ጮክ ብሎ ያነብልናል። ስለ አንድ ሱሰኛ ልጅ የተጻፈ ልብ ወለድ ነበር። ምርቃና ላይ ሰው ልቡ ስስ ነው፤ ልጁ ሲሞት አለቀስኩ። እንባዬን ጠረግኩና አንድ ዘለላ ቀነጠስኩ። ከመሐላችን «እኛስ?» ያለ ሰው አልነበረም። መጽሐፉ ላይ ያለው መርፌ የሚወጋ ፈረንጅ ነው፤ እኛ ደግሞ ቅጠል የምንቅም አንባቢዎች ነን፤ ምን አገናኘን?

ስለዚህ ስለ ደስታው መጻፉ አይደለም ጥፋቱ። ደስታውን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ልጅሽ ከመጽሐፍ ባያገኘው ከጓደኛው ይሰማዋል። እኔ ያነበብኳቸው መጽሐፎች ያልነገሩኝ 12 ሰዓት ማታ ላይ ያለውን ነው። 9 ሰዓት ላይ አራታችንም ባለሕንፃ ነን፤ አንዱ ቦሌ ሆቴል ይከፍታል፣ አንዱ ፊልም ይሠራል፣ እኔ ማተሚያ ቤት አቆማለሁ። 12 ሰዓት ላይ ገራባው፣ የጫቱ ትራፊ፣ ወለሉን ሞልቶት፣ ማንም ማንን ማየት አይፈልግም። የታክሲ የለንም። ያንን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለት መጠጥ፣ ይፈለጋል፣ ለጨብሲ ብድር ይፈለጋል። ማግሥቱን ካልቃምሽ ዱካክ ይመጣል፤ ተኝተሽ እየሰማሽ፣ አንድ ነገር ደረትሽ ላይ ተቀምጦ መጮህ ሲያቅትሽ። ስለዚህ ሁለት ገጽ ጽፎ ያሳየኝ አላየሁም።

ሌላም አለ፤ ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጫት የተውኩ ጊዜ ማንበብ አቃተኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መጽሐፍና ቅጠል አብረው ስለነበሩ፣ መጽሐፍ ስከፍት አፌ ምራቅ ይሞላል፣ ሐራራው ይነሣል። አንድ ገጽ አራቴ አንብቤ ምን እንዳለ አላውቀውም። ሰባት ወር ከስፖርት ጋዜጣ በቀር አላነበብኩም፤ እሱንም የውጤት ሰንጠረዡን። ጫቱ ምን ወሰደብህ ብትይኝ ገንዘቡንም ጥርሴንም አልልሽም፤ ከዚያ በፊት ማንበቤን ነው የምልሽ። ከዚህ ወዲህ እንኳን እንዲህ ረዥም ነገር ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

መጽሐፎቹን አታንሺ። ግን ብቻቸውን አትስጪ።


እውነቱ ይነገር፦

ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ፍልስፍና ነው። ለአባቱ ደውለሽ ንገሪ፣ አለቀ። በእኛ ጊዜ መጽሐፍ ሳይሆን አለንጋ ነበር፣ ስንቱን ሰው አደረገ።


ድሮ ቃሚ፦

ወንድሜ፣ አለንጋውንም ቀምሼዋለሁ። ከአለንጋው ቀጥታ የሄድኩት ጫት ቤት ነው፤ ጀርባዬን ያላየኝ ሰው ያለው እዚያ ብቻ ስለነበር።


ፋርማሲስቱ ከፒያሳ፦

ድሮ ቃሚ ያልከው «ምን አገናኘን» የሚለው ነገር መድኃኒት ቤት ቆሜ በየቀኑ የማየው ነው።

ከውጭ በመጡት መጻሕፍት ውስጥ ሱሰኛ ማለት መርፌ የያዘ ሰው ነው። የእኛ ልጅ ኪሱ ውስጥ ያለው ካፕሱል ነው። ካፕሱል ደግሞ እናቱ ለጉልበቷ የምትውጠው፣ ሐኪም ያዘዘው፣ በማሸጊያ የታሸገ ንጹሕ ነገር ነው። «ሀሺሽ ነክቼ አላውቅም» ብሎ የሚምልልኝ ልጅ አለ፤ አይዋሽም፣ ትራማዶል ግን በቀን ስንት እንደሚውጥ ቆጥሮ አይጨርሰውም። ትራማዶል የሞርፊን ዘመድ ነው። ለከባድ ሕመም ጥሩ መድኃኒት ነው፤ እኔም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወስጄዋለሁ። መጠኑ ሲያልፍ ግን ሁለት ነገር ያመጣል። አንዱ ትንፋሽን ማዘግየት ነው፤ በተለይ ከመጠጥ ወይም ዲያዚፓም ከሚባለው ማረጋጊያ መድኃኒት ጋር ሲደባለቅ፣ ልጁ የተኛ ይመስላል፣ «ይተኛ ተዉት» ይባላል። ሁለተኛው እንደ ሚጥል በሽታ ማንዘፍዘፍ ነው፤ ከዚያ በፊት ጥሎት በማያውቅ ልጅ ላይ። ይሄኔ ቤተሰቡ ሌላ ነገር ጠርጥሮ ጠበል ይዞት ሲዞር ይቆያል። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ሐኪሙም ግን ምን እንደዋጠ ይወቅ።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ። የሰማ አባት በአንድ ቀን ክፍል ዘግቶበት «ትተዋለህ» ይላል። ለወራት ሲወስድ የከረመ ሰው ድንገት ሲያቆም ላብ፣ ቁርጥማት፣ ተቅማጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣበታል፤ ለዚህ ነው በሐኪም እየተቀነሰ የሚቆመው። አማኑኤልና ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና አለ። አማኑኤል ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ የልጄ ስም ይጠፋል ይላል። በበኩሌ የላክኋቸው ሰዎች ሲመለሱ ከስማቸው የጎደለ ነገር አላየሁም።

ለእኅታችን አንድ የሙያ ነገር ላንሣ፣ እንዳትቀየሚኝ። ኮፒ የተደረገ የሐኪም ማዘዣ ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። በጥቁርና ነጭ ሲሆን ማኅተሙ ጠቁሮ ስለሚመጣ ያስታውቃል፤ በከለር ሲሆን ግን ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዤ የእስክሪብቶውን ጭረት በጣቴ መዳሰስ አለብኝ። ቤትሽ ከለር ኮፒ ካለ ማዘዣ ይዞ ለመጣ ልጅ ሁለቴ አስቢ። ከስድስቱ ገጽ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ልጁን ደግሞ ለአባቱ ከመናገርሽ በፊት ራሱን ጠይቂው። ኮፒ ያስደረገ ሁሉ ይወስዳል ማለት አይደለም።


የፎቶ ኮፒዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፋርማሲስቱ፣ ከለር የለኝም፣ ግን ባለፈው ወር ማዘዣ ያስነሣ ልጅ ትዝ አለኝና ሆዴ ተረበሸ። «ለእናቴ ነው» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ዛሬ ግን ማሽኑ ላይ «የሐኪም ማዘዣ ኮፒ አናደርግም» ብዬ ለጥፌያለሁ።

እውነቱ ይነገር፣ የእኛም አባት ወንድሜን ገርፎታል። ከዚያ በኋላ ነው ምጣዱ የተሸጠው።

ድሮ ቃሚ፣ የጻፍከውን ለወንድሜ በስልኬ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሲጠርዝ ቆየና «የ12 ሰዓቷን ልክ ነው» አለ። ሌላ አልተናገረም።


አሮጌ መጽሐፍ፦

ልጄ፣ እኔ አሮጌ መጽሐፍ ስሸጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ፒያሳ ነበርኩ፤ 2016 ላይ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ወረድኩ። ደንበኛ ፈልጎ ስለሚመጣ ብዙም አልከፋኝም፤ የከፋኝ ማኪያቶዬ ነው።

ሽፋን የሌለው መጽሐፍሽን ዐወቅሁት። በእጄ ስንት ጊዜ አልፏል መሰለሽ። የ15 ዓመት ልጅ፣ ማስታወሻ፣ ግብዣ ላይ ከቀረቡት ኮካ ኮላዎች በአንዳንዶቹ ኤልኤስዲ የሚባል የሚያስቃዥ ዕፅ የተጨመረበት ጨዋታ፣ መጨረሻ ላይ ልጅቷ ማስታወሻ መጻፍ ተውኩ ባለች በሦስተኛው ሳምንት ሞተች የሚል። «ጎ አስክ አሊስ» ይባላል። አሜሪካ ውስጥ በ1971 ታተመ (ስለ ውጭ መጽሐፎች የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)፣ የደራሲ ስም አልነበረውም፤ የእውነተኛ ልጅ እውነተኛ ማስታወሻ እየተባለ ነው የተሸጠው። ወላጅ ለልጁ ገዛ፣ አስተማሪ ለተማሪው አስነበበ፣ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ።

ልጅቷ የለችም። ቢያትሪስ ስፓርክስ የምትባል ሴት ናት የጻፈችው፤ በ1917 የተወለደች፣ መጽሐፉ ሲወጣ ዕድሜዋ ከ50 ያለፈ። ከዚያም በኋላ ስም የለሽ የታዳጊ ማስታወሻ እያለች ሌሎችም አወጣች። በኋላ የታተሙት ላይ ልብ ወለድ ነው የሚል በደቃቅ ፊደል ገብቶበታል፤ ያንቺ ላይ እሱ ገጽ የለም፣ ተቀዷላ። ስለዚህ ያ ተማሪ ልቡ ተሰቅሎ ኮፒ ያስደረገው ስድስት ገጽ የአንዲት እናት ድርሰት ነው። ልጆችን ለማስፈራራት ተነሣች፣ ማስፈራሪያውን ሊያነቡላት ደግሞ መጀመሪያ ደስታውን ማሳመር ነበረባት። ያማረው ክፍል እጅ በዝቶበት ጠቆረ፣ ማስፈራሪያው እንደ አዲስ ቀረ። አንቺ በጠርዙ ያየሽው ይኸው ነው።

እውነተኛ ከፈለግሽ የጀርመኗ ልጅ አለች። ክርስቲያነ ኤፍ። ምዕራብ በርሊን፣ ባንሆፍ ጾ የሚባለው ባቡር ጣቢያ፤ በ13 ዓመቷ ሄሮይን የጀመረች። ካይ ኸርማንና ሆርስት ሪክ የሚባሉ ሁለት ጋዜጠኞች ለፍርድ ቤት በምስክርነት መጥታ አግኝተዋት፣ ቃሏን በቴፕ ቀድተው በ1978 አሳተሙት። ከባድ ነው፤ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልሸጥም፣ ገንዘብ ቢይዝም። እሱም ቢሆን ጣጣ አላጣውም። በ1981 ፊልም ሆነ፣ ልጅቷ ዝነኛ ሆነች፣ አለባበሷን የሚመስሉ ልጃገረዶች በዙ። እሷ ራሷ በ2013 ሁለተኛ መጽሐፍ ስታወጣ ከሱሱ ገና አልወጣችም ነበር። አንብበው የጨረሱት ልጆች ሁሉ መጨረሻዋን የተረፈች ያህል ነው የሚነግሩኝ። እኔ የሁለተኛውን ነገር ስነግራቸው ደስ አይላቸውም፤ ፊልሙ ያለቀ መስሏቸው መብራት ከበራ በኋላ ገና እንዳለ ሰው።

ለአንቺ ለራስሽ ግን፣ እንደ እኅት፣ የአባትና የልጁን መጽሐፎች እፈልግልሻለሁ። ዴቪድ ሼፍ ጋዜጠኛ ነው፤ ልጁ ኒክ ሜታምፌታሚን የሚባለው ዕፅ ይዞት ነበር። አባትየው የራሱን ጻፈ፣ ልጁም የራሱን ጻፈ፣ ሁለቱም በዚያው በ2008 ወጡ። አባትየው የልጁን ኮቴ ሌሊት ሲጠብቅ፣ ልጁ በዚያው ሌሊት የት እንደነበር ከሌላው መጽሐፍ ታገኚዋለሽ። ጎን ለጎን ዘርግቼ ነው ያነበብኳቸው፤ አንዱን አሥር ገጽ፣ ሌላውን አሥር ገጽ። እኔም ልጅ አለኝ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

የአባትየው እጄ ላይ አለ። ሌላውን አፈላልጋለሁ። ዋጋ አትጠይቂኝ፣ የማሽኑን ቀለም ግዢበት።


የፎቶ ኮፒዋ፦

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ትናንት በምሳ ሰዓት ልጁ መጣ፣ የታሪክ አሳይመንት ሊያስጠርዝ። ሰው አልነበረም። «ስድስቱን ገጽ ምን አደረግካቸው?» አልኩት። ዓይኑን ላሚኔሽኑ ላይ ተከለ። ቆየና ነገረኝ። አራት ሆነው ነው። አንደኛው ከአያቱ መሳቢያ ካፕሱል እያወጣ ይውጣል፣ «እንደዚህ ያደርጋል፣ እንደዚያ ያደርጋል» ይላቸዋል። የእኛው ልጅ አላመነውም። መጽሐፉ ላይ ያለውን ከጓደኛው ወሬ ጋር ሊያስተያይ ነው ኮፒ ያስደረገው። እኔ ሱሰኛ ሊሆን ነው ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ እሱ ለካ ምርምር ላይ ነበር። ደግሞ ያ ሌላ ዕፅ ነው፣ ይሄ ሌላ ዕፅ ነው፤ ግን ለእነሱ ሁሉም «ዕፅ» ነው።

መጽሐፉን ከ50 ዓመት በላይ የሆናት ሴትዮ ናት የጻፈችው አልኩት። ሳቀ። «እናቴን በያት!» አለ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ጠየቀኝ፦

«ታዲያ መጨረሻ ላይ መሞቷም ውሸት ነው?»

አዎ አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ? እንግዲህ አስቡት፤ ከመጽሐፉ አንድ ያስፈራው ነገር ቢኖር እሱ ነበር፣ እሱንም እኔው ወሰድኩበት። ፊቱ ላይ አየሁት፤ ትከሻው ቀለል አለው። ምን ብዬ እንደምመልሰው ጠፋኝ። ማሽኑን ነካካሁ፣ ያልተበላሸውን ትሪ ከፍቼ ዘጋሁ።

ወንድሜ ጥግ ላይ ሆኖ የልጁን አሳይመንት እየበሳ ነበር። ቀና ሳይል «1,800 ብር» አለ።

ልጁ «ምኑ?» አለው።

«የእናቴ ምጣድ። ስትገዛው ከ4,000 በላይ ነው። ሰውዬው እየተጣደፍኩ መሆኔን ዐይቶ ነው እንደዚያ የገዛኝ።»

ከዚያ ቀጠለ። የጋዝ ሲሊንደሩን ስንት፣ የእኔን ስልክ ስንት፣ የአባታችንን ካፖርት ስንት፤ ካፖርቱን ማንም አልገዛው ብሎ መልሶ እንደሰቀለው። ስለ ስልኩ እስካሁን ሚኒባስ ውስጥ የተሰረቀብኝ ነበር የሚመስለኝ። እዚያው ቆሜ ሰማሁት። ልጁ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። ማኪያቶ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ማኪያቶውን እዚያው ቆሜ ጠጣሁት፣ ሁለት ሌላ አዝዤ ተመለስኩ፤ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመለስ ስለ ኳስ ነበር የሚያወሩት። አሳይመንቱ ተጠርዞ ተቀምጧል። ልጁ ሲወጣ እንደ ሁልጊዜው አመሰገነ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ።

ምን ብሎት እንደሆነ ወንድሜን አልጠየቅሁትም። ማታ ራሱ ያ የአያቱን ካፕሱል የሚያወጣው ልጅ እሑድ እዚህ እንደሚመጣ ነገረኝ፤ ከልጁ ጋር። ፋርማሲስቱ፣ ወንድሜ ሊጠይቅህ የሚፈልገው ነገር አለው፣ በውስጥ መስመር ይጽፍልሃል፤ ለልጁ አያት የሚበጅ ነገርም ካለ ንገረን፣ መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ እያለቀባቸው የረሱት እየመሰላቸው ነው አሉ።

ከሰባቱ መጽሐፍ ያንን አንዱን አላነሣሁትም፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ማን እንደጻፈችውና በስንት ዓመቷ እንደጻፈችው ጽፌበታለሁ። ሌሎቹ ቦታቸው ናቸው።

አባቴ፣ መጽሐፉን ለመውሰድ እኔ ልምጣ፤ እርስዎ ዳገቱን አይውጡ። ቅዳሜ እስከ 7 ሰዓት ነው የምከፍተው፣ ከዚያ ወደ ብሔራዊ እወርዳለሁ። መብራት ከጠፋ ቀደም ብዬ እመጣለሁ።